ጣልቃ

በወሎ፣ በመርሳ ገበያ፣ ሁለት ሰዎች በዱላ ሊፈነካከቱ ሲሉ በመካከላቸው የሚቆመውን ሰው አገሬው ገላጋይ ብሎ ያመሰግነዋል፤ ያው ሰው በማግስቱ ሳይጠራ በጎረቤቱ ትዳር አንዲት ቃል የተናገረ እንደ ሆነ ግን ጣልቃ ገባ ተብሎ ይታማል።

አውሮጳውያን ይህን ነገር የሚጠሩበት ኢንተርፊረንስ የተባለው ቃል፣ በላቲን መካከል ከሚለውና መምታት ከሚለው ቃል ተጋጥሞ በጥንታዊ ፈረንሳይኛ እርስ በርስ መማታትን ሲያመለክት የኖረ ነው፤ በ15ኛው መቶ ዓመት እንግሊዞች ሲቀበሉትም፣ በሚሄድበት ጊዜ የአንዱን እግር ኮቴ ከሌላው እግሩ ጋር እያጋጨ ራሱን በራሱ ለሚያቆስል ፈረስ ይነገር ነበር። ከወልድያ ወደ ደጋው በዳገት የተጓዘ ባለ ፈረስ ይህን ቁስል ያውቀዋል። በ19ኛው መቶ ዓመት መባቻ ደግሞ ቶማስ ያንግ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ቃሉን ወደ ብርሃን ወሰደው፤ በረጋ ውሃ ላይ ሁለት ጠጠር ቢጣል የአንዱ ሞገድ ከፍታ ከሌላው ዝቅታ ጋር በተገናኘበት ስፍራ ውሃው ጸጥ እንደሚል ሁሉ፣ ሁለት ብርሃናት ተደራርበው በመካከላቸው ጨለማ መስመር እንዲወጣ የሚያደርጉበትን ምሥጢር በዚሁ ስም ጠራው።

የእኛው ቃል ግን መምታትን አያነሣም፤ ጣልቃ የሚለው ስፍራን፣ የሁለት ነገሮችን መካከል፣ ብቻ ያመለክታል፤ ገባ የሚለውም ከግእዙ ገብአ ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ ገብአ መግባትን ብቻ ሳይሆን መመለስንም ጭምር ይናገራል። ስለዚህ ይመስለኛል አንዱ ቃል ለክልከላም ለፈቃድም ያገለገለው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገቡ ሲከለክል፣ በአንቀጽ 62 ደግሞ ሕገ መንግሥታዊውን ሥርዓት አደጋ ላይ በጣለ ክልል የፌዴራሉ መንግሥት ጣልቃ እንዲገባ የማዘዝን ሥልጣን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ይሰጣል።

መርሳ ባለችበት በሐብሩ ወረዳ ሰው ዘንድ ቃሉ ይበልጥ የሚሰማው በእርሻ መሬት ክርክር ነው። ሁለት ወንድማማቾች በመስኖ ማሳ ሲካሰሱ፣ በርቀት የምትኖር እኅታቸው ድርሻ አለኝ ብላ ብትመጣ ጣልቃ ገብ ተብላ ትመዘገባለች፤ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 41 ከፍርዱ በፊት እንድትገባ ይፈቅድላታልና። ይህን አንቀጽ እወደዋለሁ፤ ባልተሰማ ሰው ላይ ፍርድ እንዳይወድቅ የሚጠብቅ ነውና። ዳኛውም አስቀድሞ የሚጠይቃት በክርክሩ ያላትን ጥቅም ነው፤ ጥቅም የሌለው ሰው በሩን አያልፍም።

ወደ ወሎ አበጋሮች ሸንጎ የመጣን እንደ ሆነ ግን ሥርዓቱ ይገለበጣል። ሰው ሞቶ ሁለት ወገኖች በደም ሲፈላለጉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚያከብራቸው እነዚህ ዐራቂዎች ደም ለማድረቅ በመካከል ይገባሉ፤ በዚህም ስፍራ ከሟችም ከገዳይም ወገን ጥቅም ያለው ሰው አይቀመጥም፤ ከሁለቱም ወገን አንዳች የማይሻ መሆኑ የታወቀለት ሽማግሌ ብቻ ዱዓውን አድርጎ ይናገራል፤ ልጃቸው የሞተባቸውም ቁጣቸውን ይዘው ያዳምጡታል።