«ዝቅተኛ ስጋት» የተባለው ግድብ 7 ሰው ገደለ፤ እንዴት?

ሃዋይ ውስጥ፣ ካዋይ በምትባለው ደሴት ላይ ካ ሎኮ የሚባል የአፈር ግድብ አለ። በ1890 አካባቢ ለሸንኮራ አገዳ እርሻ ውሃ እንዲያጠራቅም ተሠርቶ ኋላ ላይ በግለሰብ እጅ የገባ ነው። በመዝገብ ላይ የተሰጠው ደረጃ «ዝቅተኛ ስጋት» ነበር።

በፈረንጆቹ ማርች 14 ቀን 2006 ንጋት ላይ፣ ለሳምንታት ከዘነበ በኋላ ግድቡ ተደረመሰ። 1.5 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ የሚሆን ውሃ ቁልቁል ወርዶ ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ጠርጎ ወሰደ። 7 ሰዎች ሞቱ። አንዷ ነፍሰ ጡር ነበረች።

ታዲያ «ዝቅተኛ» ምን ማለት ነው? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ደረጃው ስለ ግድቡ ጥንካሬ አያወራም። የሚጠይቀው «ይሄ ግድብ ቢፈርስ ከታች ማን አለ?» ብሎ ነው። በአሜሪካ አሠራር ሰው ይሞታል ተብሎ የሚገመት ከሆነ «ከፍተኛ»፣ ሰው ባይሞትም ንብረት በብዛት የሚወድም ከሆነ «መካከለኛ»፣ ጉዳቱ ትንሽ ከሆነ ደግሞ «ዝቅተኛ» ይባላል።

ስለዚህ ከከተማ በላይ ያለ፣ በየጊዜው የሚፈተሽ ጠንካራ ግድብ «ከፍተኛ ስጋት» ሊባል ይችላል። ከባዶ ግጦሽ በላይ ያለ የተሰነጠቀ ግድብ ደግሞ «ዝቅተኛ»። የግድቡ ይዞታ ሌላ ነጥብ ነው፤ እሱን ለመስጠት ባለሙያ ቦታው ድረስ ሄዶ ማየት አለበት። ካ ሎኮን የመንግሥት ባለሙያ ፈትሾት አያውቅም ነበር።

ሌላም ችግር አለ። ግድቡ ሲመዘገብ ከታች ማንም ላይኖር ይችላል። ከዓመታት በኋላ ግን ቤት ይሠራል፣ መንገድ ይወጣል። ደረጃውን የሚቀይር ሰው ከሌለ ወረቀቱ ላይ ያው «ዝቅተኛ» ነው።

የአፈር ግድብ ትልቁ ጠላት ደግሞ በአናቱ ላይ የሚፈስ ውሃ ነው። ኮንክሪት ቢሆን ሊቋቋመው ይችላል፤ አፈር ግን እየተሸረሸረ ባጭር ጊዜ ይናዳል። ለዚህ ነው በጎን በኩል ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ማስተንፈሻ የሚሠራለት። ከአደጋው በኋላ በካ ሎኮ የተደረገው ምርመራ ማስተንፈሻውን አላገኘውም፤ በአፈር ሳይደፈን አልቀረም ነው ያለው። ባለቤቱ በ2014 የ7 ወር እስር ተፈረደበት። ለ7 ሰው 7 ወር!

አሜሪካ ከ90,000 በላይ ግድብ መዝግባለች፣ ከግማሽ በላዩ የግል ነው። ውሃው የባለቤቱ፣ ጎርፉ የጎረቤት። የጥገናውን ብር የሚያወጣውና ከታች የሚተኛው ሰው አንድ አይደሉም፤ በኛ እይታ የነገሩ ሥር ይሄ ነው።

የአሜሪካ ጉዳይ ብቻ መስሏችሁ እንዳታልፉት። ጎረቤታችን ኬንያ፣ ናኩሩ አካባቢ ሶላይ በሚባል ቦታ፣ ሜይ 9 ቀን 2018 ማታ በአንድ የግል እርሻ ላይ ያለ የአፈር ግድብ ፈርሶ ከ40 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። ባለሥልጣናቱ ግድቡ ፈቃድ እንዳልነበረው የተናገሩት ከፈረሰ በኋላ ነው።

እናንተስ ከእንዲህ ያለ ግድብ በታች ትኖራላችሁ? ስልካችሁ ላይ ካርታውን ወደ ሳተላይት ምስል ቀይሩና ከሰፈራችሁ በላይ ያለውን ተዳፋት እዩት። ውሃ ካለ በክረምት ማስተንፈሻው በሣር፣ በአፈር ወይም በዓሣ መረብ እንዳልተዘጋ ጠይቁ። ግድቡ ላይ ትልልቅ ዛፍ መብቀሉም ጥሩ አይደለም፤ ሥሩ ለውሃ መንገድ ይከፍታል።

ከግድቡ ግርጌ የሚንጠባጠብ ውሃ ካያችሁ ቀለሙን ተመልከቱ። ጥርት ያለ ከሆነ ለባለቤቱና ለወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት ተናግራችሁ ክትትል ይደረግበት። ከደፈረሰ ግን ከውስጥ አፈር እየወጣ ነው። ቪዲዮ ለመቅረጽ እዚያ አትቁሙ፤ መጀመሪያ ከታች ላሉት ሰዎች ደውሉ።