ከይፋግ እስከ ደብረ ታቦር፦ የደምን ልኬት የሚተረጉመው ማስተካከያ

ከደም፣ ከሽንት ወይም ከጡት ወተት ናሙና ወስዶ በሰው ሰውነት ውስጥ ያለውን ነገር፣ አዮዲንም ይሁን እርሳስ ወይም የፀረ ተባይ ቅሪት፣ መለካት የተለመደ የጤና ጥናት ሥራ ነው። ብዙ ሰው የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ላቦራቶሪው ይመስለዋል። ከላቦራቶሪው የሚወጣው ግን ቁጥር ብቻ ነው። «ይህች ደም አንሷታል፣ ያቺ ጤነኛ ናት» ብሎ የሚለየው ቁጥሩን የሚቀበለው ሶፍትዌር ሲሆን፣ የሚለየውም አስቀድሞ በተሞላለት ማስተካከያ ነው። ስለዚህ ማስተካከያው ከናሙናው ባልተናነሰ ጥንቃቄ መመርመር አለበት።

ለዚህ ደቡብ ጎንደር ጥሩ ማስረጃ ነው። ይፋግ ከጣና በላይ ባለው ሜዳ፣ ከ2000 ሜትር በታች ትገኛለች፤ ደብረ ታቦር ደግሞ 2700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት ሄሞግሎቢን ይጨምራል በሚል፣ ሶፍትዌሩ ከተለካው ቁጥር ላይ እንደየከፍታው ይቀንሳል። እርጉዝ ላልሆነች ሴት የደም ማነስ ወሰኑ በሊትር 120 ግራም ሄሞግሎቢን ነው። ከጣቷ በተወሰደ የደም ጠብታ ሄሞኪው በተባለው መለኪያ ስትለካ 128 የወጣላትን የይፋግ ሴት እንውሰድ። የከፍታው ቦታ ሳይሞላ ከቀረ ጤነኛ ናት። በቀድሞው የዓለም ጤና ድርጅት ስሌት 6 ገደማ ተቀንሶባትም ጤነኛ ናት። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው የድርጅቱ መመሪያ ግን 11 ይቀነስና 117 ላይ ትወርዳለች፤ የደም ማነስ ታማሚ ተብላም ትመዘገባለች። ያው 128 ደብረ ታቦር ላይ ቢለካ በሁለቱም ስሌት ደም ማነስ ነው። ከሴትየዋ ደም የተለወጠ አንዳች ነገር የለም።

«ዓለም አቀፍ መለኪያ ከወጣ ወዲያ ምን ያከራክራል?» የሚል ይኖራል። ነገር ግን ተመራማሪዋ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮች ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ወለል አካባቢ ከሚኖሩ ሰዎች ልክ አልወጣም፤ የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ግን ጎልቶ ይጨምርባቸዋል። እንግዲህ ለሁሉም ደገኛ አንድ ቅናሽ ማድረግ፣ የእኛን ደገኞች ያለ ሕመማቸው ታማሚ ሊያሰኝ ይችላል። በእርግጥ አንድ ጥናት፣ ያውም በዚያ ከፍታ የተደረገ፣ ስለ ይፋግ ሜዳ ብቻውን አይፈርድም፤ ቅናሹ ይሰረዝ ማለቴም አይደለም።

የኬሚካል ልኬትም ከዚህ አያመልጥም። መሣሪያው ሊያየው ያልቻለው አነስተኛ መጠን በዜሮ ይተካ ወይስ በመለያ ወሰኑ ግማሽ? ይህም የማስተካከያ ምርጫ ነው። ፀሐይ ላይ ሲያርም የዋለ የፎገራ ገበሬ ሽንቱ ስለሚወፍር፣ በሽንቱ ውስጥ ባለው ክሬአቲኒን መጠን ካልተስተካከለ በውስጡ ያለው ኬሚካል ከልኩ በላይ ይታያል።

ምርጫውን ለተንታኙ መተው ውጤትን እንደ ፍላጎት ለመጠምዘዝ በር ይከፍታል የሚለው ስጋት እውነት ነው። መዝጊያው ግን ማስተካከያውን መረጃው ሳይከፈት በጽሑፍ መወሰን ነው። በየጤና ቢሮው ይህን ሥራ የምትሠሩ ሁሉ፣ ያልተነካውን ቁጥር አስቀምጡ፤ ከፍታውንና የተጠቀማችሁበት የማስተካከያ ሠንጠረዥ የወጣበትን ዓመት በሪፖርቱ ላይ ጻፉ።