ሽንት የሚናገረውና የማይናገረው

ከገጠር ቀበሌ ለመሬት ደብተር ወይም ለግብር ጉዳይ ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም የሚመጣ ገበሬ ሌሊት ተነሥቶ ነው የሚጓዘው። ቢሮው ሲደርስ ባለሙያው ከሌለ፣ ወይም ኖሮም የጫት ሃራራ ይዞት የሚነጫነጭ ከሆነ፣ «ነገ ና» የሚለው መልስ አንድ ቀን እርሻ፣ አንድ ሌሊት ማደሪያና የመጓጓዣ ብር ያስከፍለዋል። ከምሳ በኋላ ወንበሩ ባዶ የሚሆንበትን ምክንያት ደግሞ ባለጉዳዩ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚህ ብሶት ነው «የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ በየጊዜው ለምን አይመረመርም? ቃሚውና ጠጪው ይለይ» የሚለው ሐሳብ የሚነሣው። ብሶቱ እውነት ነው። ምርመራው ግን የተባለውን ሥራ ይሠራል ወይ? ይህን ለመመለስ መጀመሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል።

በብዙ አገሮች ለመሥሪያ ቤት ምርመራ የሚያገለግለው ሽንት ውስጥ የሚነከር ቁራጭ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ላይ አንድን ዕፅ ለይተው የሚይዙ ፀረ እንግዳ አካላት (አንቲቦዲ) ተቀምጠዋል። ሽንቱ ውስጥ ዕፁ ከሌለ አንቲቦዲዎቹ መስመሩ ላይ ከተለጠፈው ናሙና ጋር ይጣበቁና ቀለም ይወጣል፤ ዕፁ ካለ ግን ቀድሞ ይይዛቸዋል፣ መስመሩም ሳይወጣ ይቀራል። ስለዚህ ከእርግዝና መመርመሪያው በተቃራኒ እዚህ ሁለት መስመር ማለት «ነፃ» ማለት ነው። አንቲቦዲው የሚያውቀው የሞለኪውሉን ቅርጽ ብቻ ነው። ሰውየው መቼ እንደወሰደው፣ ስንት እንደወሰደ፣ አሁን አእምሮው ንቁ ይሁን ደንዝዞ ሊያውቅ አይችልም። ቅርጹ የሚመሳሰል ሌላ ነገር ሲመጣም ይሳሳታል።

መመርመሪያው የተሠራው ደግሞ ለሌላ አገር ችግር ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን እ.ኤ.አ. በመስከረም 1986 ባወጡት ትእዛዝ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ከዕፅ ነፃ እንዲሆኑ ሲያዙ፣ ቀጥሎ የተዘረጋው ሥርዓት አምስት ነገሮችን ይፈልግ ነበር፦ ካናቢስ፣ ኮኬይን፣ እንደ ሞርፊን ያሉ የኦፒየም ውጤቶች፣ አምፌታሚንና ፒሲፒ የሚባል ማደንዘዣ። ዛሬም በዓለም ገበያ በርካሽ የሚሸጡት መመርመሪያዎች የዚያ ዝርዝር ልጆች ናቸው። በምዕራብ ጎጃም የወረዳ ጽሕፈት ቤት ኮኬይንና ፒሲፒ መፈለግ የሌለ ሌባ ማሳደድ ነው። እዚህ ሥራ የሚበድሉት ጫትና አረቄ ናቸው።

ጫትን እንመልከት። የሚያነቃቃው ዋናው ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል፤ ማንነቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ ነው። ከዚያ በፊት ለአሥርት ዓመታት የጫት ኃይል ነው ተብሎ የሚታመነው ካቲን የሚባለው ደካማ ወንድሙ ነበር። ካቲኖን ሳይገኝ የቆየው ቶሎ የሚበላሽ ስለሆነ ነው፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ወደ ካቲንና ኖርኢፌድሪን ይለወጣል። ጫት የጫነ አይሱዙ በየመንገዱ እንደዚያ የሚከንፈው፣ ነጋዴውም ቅጠሉን በኮባ ጠቅልሎ ውኃ የሚረጨው በዚሁ ምክንያት ነው። አንጎል ውስጥ ሲገባ እንደ አምፌታሚን ዶፓሚንን ያስለቅቃል፦ ምርቃናው ይህ ነው። ሲወርድ ዱካኩ፣ በማግሥቱ ደግሞ ሃራራው ይከተላል።

ካቲኖን ደም ውስጥ ያለው መጠን በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ጉበት አብዛኛውን ወደ ኖርኢፌድሪን ስለሚለውጠው ሳይለወጥ ወደ ሽንት የሚደርሰው ጥቂቱ ነው፤ እሱም አንድ ቀን ያህል ብቻ ይገኛል። ካቲን ግን ከሁለት ቀን በላይ ይቆያል። የተለመደው የአምፌታሚን ወረቀት ለእነዚህ ያለው ምላሽ ደካማ ስለሆነ ቃሚው ሊያልፍ ይችላል። ካቲንን በተለየ መሣሪያ እንፈልግ ቢባል ሌላ ጣጣ አለ፦ ለጉንፋን የሚታዘዘው ስዱኢፌድሪን በሰውነት ውስጥ በከፊል ወደዚያው ወደ ካቲን ይለወጣል። በጉንፋን የከረመችው ነርስና ትናንት ሲቅም የዋለው ባልደረባዋ ተመሳሳይ አሻራ ሊተዉ ይችላሉ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ተሳክቶ ቃሚው ቢለይስ? ጫት በአገራችን ሕጋዊ ነው፤ መንግሥት ቀረጥ ይሰበስብበታል፣ ለውጭ ገበያም ያቀርበዋል። ካቲኖን እ.ኤ.አ. በ1971ቱ የሳይኮትሮፒክ ቁሶች ስምምነት ጥብቅ ሠንጠረዥ ውስጥ ቢገባም ቅጠሉ ራሱ በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት በገዛ ቤቱ የቃመን ሰው ማክሰኞ በሽንቱ መቅጣት ሕጉ ያልከለከለውን ነገር በጓሮ በር መከልከል ነው።

አረቄ የባሰ ነው። በጎጃም ከዳጉሳ፣ ከበቆሎና ከጌሾ የሚወጣው ዳግም አረቄ የአልኮል መጠኑ ከመቶ 45 አካባቢ ይደርሳል፤ ጠላ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 በመቶ ነው። በተለይ ጫት ቅሞ ምርቃናውን ለማብረድ በአረቄ ጨብሲ ላይ ያመሸ ሰው ጠዋት ሥራ ላይ አደገኛ ነው። አምስቱን ዕፆች የሚፈልገው የአሜሪካኑ ወረቀት ግን አልኮልን ጭራሹን አይፈልግም። ለአልኮል ተብሎ የተሠራው የሽንት ምርመራ ደግሞ ኤቲል ግሉኩሮናይድ የሚባለውን ቅሪት ይፈልጋል፤ ይህ ቅሪት ስካሩ ከበረደ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። በ21 የማርያም ማኅበር ላይ ጠላ ደህና አድርጋ የጠጣች የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በ23 ጠዋት ጭንቅላቷ ጥርት ብሎ ሳለ ሽንቷ «ጠጥታለች» ይላል። ማኅበሩ፣ ተዝካሩ፣ ክርስትናው በሚበዛበት አገር ይህ ምርመራ ከሠራተኛው ግማሹን ጥፋተኛ ቢያደርግ አይገርመኝም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ጉዳይ ነው። ኤፋቪሬንዝ በኢትዮጵያ ለዓመታት የመጀመሪያ ደረጃ የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና አካል ነበር፤ በአንዳንድ መመርመሪያዎች ላይ ተጠቃሚውን «ካናቢስ ወስዷል» እንደሚያሰኝ የመድኃኒቱ መግለጫ ራሱ ያስጠነቅቃል። የሳንባ ነቀርሳው ሪፋምፒሲን በአንዳንዶቹ ላይ የኦፒየም ውጤት መስሎ ይታያል። በየጤና ጣቢያው ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል ባርቢቹሬት ስለሆነ እሱን የሚፈልግ ወረቀት ያለ ስሕተት ይይዘዋል። የተያዘው ሠራተኛ ራሱን ነፃ ለማውጣት ምን ማለት አለበት? «የምወስደው መድኃኒት ነው»፤ «የምን መድኃኒት?»። ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት ትንሽ ከተማ፣ የሚጥል በሽታ ዛሬም በሹክሹክታ በሚወራበት ገጠር፣ ይህች አንዲት ጥያቄ ትዳር ታፈርሳለች። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጆች ለቅጥር የጤና ምስክር ወረቀት ሲጠይቁ የኤችአይቪ ምርመራን ለይተው ያስቀሩት በከንቱ አይደለም። በዋናው በር የተከለከለውን ምስጢር የሽንት ወረቀት በመስኮት ያወጣዋል።

እርግጥ ጥሩ ሥርዓት በወረቀት ብቻ አይፈርድም። ወረቀቱ የጠረጠረውን ናሙና በጋዝ ክሮማቶግራፊና በማስ ስፔክትሮሜትሪ ያረጋግጣል፤ ይህ መሣሪያ ሞለኪውሎችን በክብደታቸው ስለሚለይ ኤፋቪሬንዝን ከካናቢስ አያምታታም። ከዚያም ሐኪም ውጤቱን ከሰውየው መድኃኒት ጋር ያገናዝባል። አሜሪካኖች ራሳቸው የፓፒ ዘር ያለበት ዳቦ የበላ ሰው ሲያዝባቸው እ.ኤ.አ. በ1998 የኦፒየም ውጤቶችን መነሻ መጠን በአንድ ሚሊ ሊትር ከ300 ወደ 2000 ናኖግራም አሳድገዋል። ፍኖተ ሰላም ላይ የተወሰደ ናሙና ግን ማረጋገጫ ፍለጋ አዲስ አበባ መሄድ ካለበት ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ግጭት ውስጥ በገባ ክልል ደግሞ ለታመመ ሰውም መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። ማረጋገጫው ሲዘገይ ስም አብሮ አይቆይም፤ ሰውየው «ተያዘ» ተብሎ ይወራበታል።

ቁጥሩን እንሥራው። አንድ ዞን 1000 ሠራተኞች አሉት እንበል፤ ከእነሱ 20ዎቹ የሚፈለገውን ዕፅ ይወስዳሉ። ወረቀቱ ከተጠቃሚዎቹ 90 በመቶውን ይይዛል፣ ከነፃዎቹ ደግሞ በ5 በመቶው ላይ ይሳሳታል ብለን እናስብ። ከ20ው 18ቱ ይያዛሉ። ከ980ው ነፃ ሰዎች 49ኙም ይያዛሉ። በድምሩ 67 ሰው ተጠረጠረ፤ ከእነዚህ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ንጹሓን ናቸው። ወረቀቱ ተበላሽቶ አይደለም፤ የሚፈለገው ነገር ብርቅ በሆነበት ሕዝብ መካከል ሁሉን በጅምላ መመርመር ሁልጊዜ ይህን ያመጣል። ጥርጣሬ ያለበትን ብቻ ሲመረምሩ ሒሳቡ ይገለበጣል፤ ከ100 ተጠርጣሪ 50ው ተጠቃሚ ቢሆኑ በዚያው ወረቀት 45ቱ በትክክል፣ ሁለት ወይም ሦስቱ ብቻ በስሕተት ይያዛሉ።

ምርመራ ጨርሶ ይቅር ማለቴ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. ጥር 4 ቀን 1987 በአሜሪካዋ ሜሪላንድ ቼዝ በምትባል ስፍራ ሎኮሞቲቮችን የሚነዳ ሠራተኛ የማቆሚያ ምልክቱን ጥሶ የመንገደኞች ባቡር መንገድ ውስጥ ገባ፤ 16 ሰዎች ሞቱ። ካናቢስ ወስዶ ነበር። የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1991 ለባቡር፣ ለአውሮፕላንና ለከባድ መኪና ሠራተኞች የአልኮልና የዕፅ ምርመራን ግዴታ ያደረገው ከእንዲህ ያሉ አደጋዎች በኋላ ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1989 በአንድ ቀን በሰጣቸው ሁለት ውሳኔዎች የባቡር ሠራተኞችንና መሣሪያ የሚይዙ የጉምሩክ ሠራተኞችን መመርመር ፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ ለተወሰኑ የግዛቱ ሥልጣኖች የሚወዳደሩ ሁሉ እንዲመረመሩ የሚያዘውን የጆርጂያ ግዛት ሕግ ሻረ፤ የታየ አደጋ የለም ብሎ። የፍሎሪዳ ገዥ እ.ኤ.አ. በ2011 የግዛቱን ሠራተኞች በጅምላ ለማስመርመር ያወጡትን ትእዛዝም የይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 በሁሉም ላይ እንዲሠራ አልፈቀደም። መለያው መስመር ግልጽ ነው፦ የዚህ ሰው አንዲት ደቂቃ መዘናጋት ሌላውን ይገድላል ወይ?

የእኛም ሕግ ከዚህ አይርቅም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 ሰው በአካሉ ላይ ከሚደረግ ብርበራ የመጠበቅ መብት ሰጥቶታል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ፣ በ515/1999ም ሆነ በ1064/2010፣ በከባድ ጥፋት የቆጠረው በልማዳዊ ስካር ወይም በዕፅ ሱስ ተይዞ ሥራን መበደልን ነበር። ክብደቱ «ሥራን መበደል» ላይ ነበር። ለዚህ ማስረጃው ደግሞ የሰዓት ፊርማው፣ ያደረው ፋይል፣ የተመለሰው ባለጉዳይ ነው፤ ሽንት አያስፈልግም። ከምሳ በኋላ ወንበሩ ባዶ መሆኑን ለማወቅ ወንበሩን ማየት ይበቃል፤ ይህን የማያደርግ ኃላፊ በእጁ የላቦራቶሪ ውጤት ቢሰጡትም የሚያደርገው አይመስለኝም።

አምቡላንስ ነጂው፣ የቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ ባለሙያው፣ ከፍተኛ ኃይል መስመር ላይ የሚወጣው የመብራት ሠራተኛ፣ መሣሪያ ታጣቂው ፖሊስ ግን ሌላ ናቸው። ለእነሱ የሚያስፈልገው አሁን ያሉበትን ሁኔታ የሚለካ ነገር ነው። ለአልኮል ጥሩ መሣሪያ አለ፦ ትንፋሽ። ከሳንባ ጥልቅ የሚወጣ 2100 ሚሊ ሊትር አየር በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ያለውን ያህል አልኮል ይይዛል ተብሎ ስለሚሰላ፣ አንድ ጊዜ በመንፋት የዚያች ደቂቃ የደም አልኮል ይገመታል። የትናንቱን ማኅበር አይቆጥርም፤ ሰውየው የሚወስደውን መድኃኒትም አያጋልጥም። በተራ መቀበያ ላይ ለሁሉም ነጂ በእኩል ቢደረግ ማንም አይሰደብም።

ሌላው የሚዘነጋው ጠላት እንቅልፍ ማጣት ነው። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ዶውሰንና ሪድ እ.ኤ.አ. በ1997 እንዳሳዩት 17 ሰዓት ያለ እንቅልፍ የቆየ ሰው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ይደናበራል፤ 24 ሰዓት ሲሆን ወደ 0.10 በመቶው ይጠጋል። ሌሊቱን ወላድ ሲያመላልስ ያደረ የአምቡላንስ ነጂ ሽንቱ ከማንም የጠራ ይሆናል፤ ከቡሬ ወደ አባይ በረሃ በሚወርደው የነቀምት መንገድ ላይ ግን ከጠጪው አይሻልም። እንቅልፍ ለማባረር ቅጠል እንዲያነሣ የሚገፋውም ይኸው ድካም ነው። ምልክት ሲበራ ቁልፍ የመጫን ፍጥነትን የሚለካው የንቃት ፈተና ድካምን ያሳያል፤ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፣ በስልክም ሊሠራ ይችላል። ምርቃናን ግን ማጋለጡ አጠራጣሪ ነው፤ አነቃቂ ነገር ፍጥነትን ለጊዜው ሊጨምር ይችላልና። ለጫት የሚሆን እንደ ትንፋሽ መለኪያው ያለ ቀላል መሣሪያ ስለሌለ፣ የሠለጠነ ተራ አስረካቢ ዓይን ለዓይን ተያይቶ የመኪና ቁልፉን የሚሰጥበትን ሥርዓት የሚተካው የለም።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው መመሪያ የመጠጥና የዕፅ ችግር እንደማንኛውም የጤና ችግር ይያዝ ይላል፤ ራሱ እርዳታ የሚጠይቅ ሠራተኛ ምስጢሩ ተጠብቆ እንዲታከም፣ ሥራውንም እንዳያጣ ይመክራል። በምዕራብ ጎጃም ዞን አንድ የሰው ሀብት ኃላፊ ነገ ጠዋት ሊጀምረው የሚችለው ይህን ነው፦ ለየአምቡላንሱ ጣቢያ አንድ የትንፋሽ መለኪያ፣ ሌሊት ለሠራ ነጂ የግዴታ ዕረፍትና ተተኪ፣ ከጨብሲ መውጣት ላቃተው ሠራተኛ ደግሞ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ የሚሄድበት ከደመወዝ የማይቆረጥ ፈቃድ።