ኤክስ-ፕሌን ላይ ሕንፃዎች ለምን ይጠፋሉ?

ለበረራ ሲሙሌተሩ ኤክስ-ፕሌን ያወረዳችሁት አየር ማረፊያ ተርሚናሉ ካልታየ ወይም ማኮብኮቢያው ላይ ዛፍ ከበቀለ፣ ፋይሉ ተበላሽቷል ከማለታችሁ በፊት የፓኬጆቹን ቅደም ተከተል ተመልከቱ።

ተጨማሪ መልክዓ ምድር ሁሉ የሚገባው «ከስተም ሲነሪ» የተባለው ፎልደር ውስጥ ነው። እዚያው ፓኬጆቹን የሚዘረዝር «ሲነሪ ፓክስ» የሚል የጽሑፍ ፋይል አለ። ሲሙሌተሩ ቅድሚያ የሚሰጠው በዚህ ዝርዝር ከላይ ላለው ነው። ስለዚህ አየር ማረፊያዎቹን ከላይ አድርጉ፤ መንገድና ደን የሚደርቡት ኦቨርሌዮች ይከተሉ፤ የመሬቱን ቅርጽ የሚሠራው ሜሽ ከሁሉም በታች ይሁን። ሜሽ ወደ ላይ ከወጣ በዚያ አካባቢ ከሥሩ ያለውን ይሸፍናል። አዲስ የተጨመረ ፓኬጅ በራሱ ዝርዝሩ አናት ላይ ስለሚቀመጥ፣ ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው ያኔ ነው።

የላይብረሪዎች ቦታ ያን ያህል አያሳስብም፤ መኖራቸው ግን ግድ ነው። ብዙ አየር ማረፊያዎች አጥሩን፣ መብራቱንና መኪናውን የሚዋሱት እንደ ኦፕንሲነሪኤክስ ካሉ የጋራ ላይብረሪዎች ነው። እያንዳንዱ ላይብረሪ የትኛው ስም የትኛውን የኦብጀክት ፋይል እንደሚጠራ የሚናገር የጽሑፍ ፋይል አለው። ስለዚህ እባካችሁ፣ «ላስተካክል» ብላችሁ ውስጡ ያሉትን ፋይሎች ስም አትቀይሩ፤ ከቦታቸውም አታንሱ። ፎልደሩ ያማረ ሲመስል ግንኙነቱ ይበጠሳል። የጎደለውን ነገር ስም የሲሙሌተሩ ሎግ ፋይል ላይ ታገኙታላችሁ።

ለጊዜው የማትፈልጉትን ፓኬጅ ማጥፋት አያስፈልግም፤ በዝርዝሩ መስመሩ ላይ «ዲሴብልድ» የሚለውን ምልክት መጨመር ይበቃል።