መኪናን የሚያታልሉ ሰዎች

ጠረጴዛ ላይ አንዲት የብረት ሳጥን ተቀምጣለች፤ መኪና ግን በአካባቢው የለም። የሞተር መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ናት። ሽቦዎቿ የተሰኩበት ሌላ ትልቅ ኮምፒውተር ሞተርም፣ ጎማም፣ ዳገትም እየሆነ ይተውንላታል። እሷ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየበረረች ይመስላታል።

ከዚያ ውስጧ ያለውን ፕሮግራም የሚፈትኑት ባለሙያዎች ማታለል ይጀምራሉ። የሙቀት ሴንሰሩ ሽቦ እንደተቆረጠ ያስመስላሉ፤ የባትሪውን ኃይል በድንገት ያወርዱታል። ነዳጅ መስጫው ላይ ካሉት ሁለት ሴንሰሮች አንዱ «ተረግጧል» ሲል ሌላው «አልተረገጠም» እንዲል ያደርጋሉ። ጤነኛ ፕሮግራም አንዱንም አያምንም፤ የሞተሩን ጉልበት ቀንሶ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ያበራል። ፈተናው ሌሊቱን ሙሉ ሰው ሳይነካው ይደጋገማል።

አንድ ሴንሰር ብቻ ማመን ምን እንደሚያስከትል ኢትዮጵያ በመኪና ሳይሆን በአውሮፕላን አይታዋለች። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሳው ቦይንግ 737 ማክስ በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች አለቁ። ኤምካስ የተባለው ፕሮግራም የአንድ ሴንሰር የተሳሳተ ንባብ አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ መሬት ደፈቀው። ኋላ የተስተካከለው ፕሮግራም የሁለት ሴንሰሮችን ንባብ ያነጻጽራል። ያን ማነጻጸር ከመጀመሪያው አለማስገባት ለማመን የሚከብድ ቸልተኝነት ነው።

መኪናም ፈታኙን የሚያታልልበት ጊዜ አለ። በ2015 እ.ኤ.አ. የተጋለጠው የቮልስዋገን ናፍጣ መኪና መሪው ሳይዞር ጎማው ብቻ ሲሽከረከር ምርመራ ላይ መሆኑን ያውቅና ጭሱን ያጠራ ነበር። ዘዴው የተነቃበት የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጭስ መለኪያ ጭነው እውነተኛ መንገድ ላይ ስለነዱት ነው። ፕሮግራሙ 11 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ውስጥ ነበር።

መንገድ ካሉ አይቀር፣ ከወረታ በደብረ ታቦር ንፋስ መውጫ የሚያደርሰው አቀበት ራሱን የቻለ ፈታኝ ነው። በ3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህሉ ብቻ ይቀራል። ካርቡሬተር ያላቸው መኪኖች እዚያ ሲደርሱ ቤንዚኑ በዝቶባቸው ጥቁር ጭስ ይተፋሉ፤ ኮምፒውተር ያላቸው ግን ግፊቱን ለክተው ቤንዚኑን ይመጥናሉ።

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ደግሞ ጥያቄው ወደ ቁልቁለቱ ዞሯል። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ ኃይል እያመነጨ ፍጥነቱን ይይዛል። ንፋስ መውጫ ላይ ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቶ ከተነሳ ግን ያ ኃይል መግቢያ የለውም። ፕሮግራሙ ሹፌሩ ሳይደናገጥ ሥራውን ለፍሬን ሸራው ማስረከብ አለበት።