የሻከረ ድምፅና የኤም.አር.አይ. ፊዚክስ

አንድ ሰው ጉንፋን ሳይዘው ድምፁ ሻክሮ ለሳምንታት ቢቆይ፣ ውኃ ሲጠጣ ትን ቢለው ወይም ምላሱን ሲያወጣ ወደ አንድ ጎን ቢያዘነብልበት የችግሩ ምንጭ ከጉሮሮው ርቆ ሊገኝ ይችላል። ከ12ቱ ጥንድ የራስ ቅል ነርቮች መካከል የታችኞቹ አራቱ፣ ማለትም ከ9ኛው እስከ 12ኛው ያሉት፣ ከመዋጥ፣ ከድምፅ፣ ከአንገትና ትከሻ ጡንቻዎች እንዲሁም ከምላስ እንቅስቃሴ ጋር የተያያዙ ናቸው። ሦስቱ ከራስ ቅል የሚወጡት በአንድ ቀዳዳ በመሆኑ በዚያ የበቀለ ዕጢ ሦስቱንም በአንድነት ሊጫን ይችላል፤ 12ኛው ግን የራሱ ጠባብ መተላለፊያ አለው።

ለመሆኑ እነዚህን ቀጫጭን ክሮች ቆዳ ሳንቀድ እንዴት እናያለን? በኤክስ ጨረር የሚሠራው ሲ.ቲ. ስካን የአጥንቱን ቀዳዳ አጥርቶ ቢያሳይም በውስጡ የሚያልፈውን ነርቭ ለይቶ ለማሳየት ይቸገራል። ኤም.አር.አይ. ግን በውኃና በስብ ውስጥ ባሉት የሃይድሮጂን ፕሮቶኖች ይጠቀማል። በ1.5 ቴስላ መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ የፕሮቶን ዘንግ፣ ዘንበል ብሎ እንደሚሾር እንዝርት፣ በሰከንድ 64 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይዞራል። በዚሁ ድግግሞሽ የሬዲዮ ሞገድ ስንልክበት ኃይል ይቀበላል፤ ሞገዱ ሲቋረጥም ምልክት ይሰጣል። ምልክቱ ከየት እንደመጣ የሚታወቀው መስኩን ከቦታ ቦታ በማበላለጥ ሲሆን፣ ይህን እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳየው ፖል ላውተርበር ከፒተር ማንስፊልድ ጋር በ2003 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

ምልክቱ በነርቭ ውስጥ ፈጥኖ፣ በፈሳሽ ውስጥ ዘግይቶ ይከስማል። ስለዚህ ጥቂት ቆይተን ብንቀበለው አንጎልን የከበበው ፈሳሽ ደምቆ፣ ነርቮቹም በመካከሉ እንደ ጥቁር ክር ተዘርግተው ይታያሉ።

ይሁን እንጂ ነርቩ ከራስ ቅል ከወጣ በኋላ ይህ ፈሳሽ አይከተለውም። በዚህ ጊዜ ነርቩ የሚያዘውን ጡንቻ እንመረምራለን። ለምሳሌ 12ኛው ነርቭ ለረጅም ጊዜ ሲጎዳ በዚያው ጎን ያለው የምላስ ግማሽ ይሟሽሻል፤ ቦታውንም ስብ ስለሚተካው በምስሉ ላይ ደምቆ ይታያል።

10ኛው ነርቭ ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። ወደ ግራው የድምፅ አውታር የሚሄደው ቅርንጫፉ በቀጥታ ወደ ማንቁርት አይገባም፤ ደረት ውስጥ ወርዶ፣ ከልብ በሚወጣው ታላቅ የደም ቧንቧ ቅስት ሥር ዞሮ ወደ ላይ ይመለሳል። በመሆኑም የሳንባ ዕጢ ድምፅን ሊያሻክር ይችላል። የድምፅ አውታሩ ሽባ የሆነበትን ሰው ራስ ብቻ አንሥተን «ጤናማ ነው» ብንል ዕጢው ደረቱ ውስጥ ሳይታይ ይቀራል።

እንግዲህ የመሣሪያው ኃይል ብቻውን በቂ አይደለም፤ ነርቩን ከመነሻው እስከ መዳረሻው መከተል ያስፈልጋል። ለሳምንታት የሻከረ ድምፅም በቸልታ የሚታለፍ ሳይሆን ሐኪም ሊያየው የሚገባ ምልክት ነው።