ድንጋይ የሚመስለው የኦስቦርን ልስን

በደቡብ እንግሊዝ፣ ዋይት በምትባለው ደሴት ላይ ያለውን የኦስቦርን ቤት ከሩቅ ያየ ሰው በጥርብ ድንጋይ የተሠራ ይመስለዋል። ግድግዳው ፈዛዛ ቢጫ ነው፤ በየረድፉ የድንጋይ መጋጠሚያ መስመር ይታይበታል፤ ሁለቱ ማማዎች ከዛፎቹ በላይ ብቅ ብለው ባሕሩን ይመለከታሉ። ጠጋ ብሎ ያስተዋለ ግን ግድግዳው ጡብ መሆኑን ይረዳል። በጡቡ ላይ ሲሚንቶ ተለስኖበታል፤ መስመሮቹም ልስኑ ሳይደርቅ በሙያተኛ እጅ የተሰመሩ ናቸው።

እኔ ለሳኝ ነኝ። ኖራና ጄሶ መያዝ የተማርኩት አዲስ አበባ ውስጥ ከአባቴ ጋር ኮርኒስ ስሠራ ነው፤ አሁን ለንደን ውስጥ የአሮጌ ቤቶችን ልስን እጠግናለሁ። ስለ ኦስቦርን ሲነሳ ደጋግሜ የምሰማው ነቀፋ አንድ ነው፦ ድንጋይ ሳይሆን ድንጋይ ነኝ የሚል ቤት ነው ይሉታል። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም።

ንግሥት ቪክቶሪያና ባለቤቷ ልዑል አልበርት ይህን የገጠር ርስት የገዙት በ1845 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ከቤተ መንግሥት ሥርዓት ራቅ ብለው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉበት ቤት ፈልገው ነበር። በርስቱ ላይ የነበረው ቤት ጠበባቸውና አዲስ ለመሥራት ወሰኑ። ከፊት ለፊት ያለው ባሕር አልበርትን የኔፕልስን ባሕረ ሰላጤ አስታወሰው፤ ስለዚህ አዲሱ ቤት የጣሊያን ቪላ መልክ ያዘ፤ ማማ ተሠራለት፣ የአትክልት ቦታውም በእርከን በእርከን ወደ ባሕሩ እንዲወርድ ተደረገ።

አልበርት ቤቱን ለማሠራት በስም የገነነ የሥነ ሕንፃ ባለሙያ አልፈለገም። የጠራው ቶማስ ኪዩቢትን ነው፤ በአናጢነት ጀምሮ የለንደንን ቤልግሬቪያ ሰፈር የገነባውን ተቋራጭ። በዚያ ዘመን ግንበኛውም፣ አናጢውም፣ ለሳኙም ለየራሱ ውል መያዙ የተለመደ ነበር። ኪዩቢት ግን የሁሉንም ሙያ ሠራተኞች በቋሚነት ቀጥሮ ራሱ ይመራቸው ነበር። በግንባታ ቦታ የዋለ ሰው ይህ ምን ያህል ጊዜና ጭቅጭቅ እንደሚያድን ያውቃል። የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው በሰኔ 1845 ነው፤ ንጉሣዊው ቤተሰብ ፓቪሊዮን ወደሚባለው ዋና ክፍል የገባው በመስከረም 1846። የቀሩት ክንፎች በ1851 አለቁ።

ቤቱን የምወደው ግን ከሁሉ በፊት በማይታየው ወለሉ ነው። የዚያ ዘመን ትላልቅ ቤቶች ወለላቸው ከእንጨት አግዳሚ የተሠራ ስለነበር ከሻማ ወይም ከምድጃ የተነሳ እሳት ከፎቅ ፎቅ ይዘልቅ ነበር። ኪዩቢት በእንጨቱ ፈንታ የብረት አግዳሚዎችን ዘረጋ፤ በብረቶቹ መካከል ደግሞ ዝቅ ያለ የጡብ ቅስት ገነባ። ይህ አሠራር በፋብሪካና በመጋዘን የተለመደ ነበር፤ ለንግሥት መኖሪያ መዋሉ ነው የሚደንቀው። ከወለሉ ጣውላ ሥር ደግሞ ድምፅ እንዲያፍን የባሕር ዛጎል ሞላበት። ምክንያቱን ለመረዳት አንድ ፎቅ መውጣት ይበቃል፤ የሕፃናቱ ክፍሎች ያሉት ከንግሥቲቱ መኝታ ቤት በላይ ነውና። ቪክቶሪያና አልበርት የዘጠኝ ልጆች ወላጆች ነበሩ።

የምድር ቤቱ አከፋፈልም ታስቦበታል። የእንግዳ መቀበያውና የቢሊያርድ መጫወቻው ክፍል በማዕዘን የተያያዙ ናቸው፤ የሚለያቸው ግድግዳ ሳይሆን እብነበረድ የሚመስሉ ዓምዶች ናቸው። በሥርዓቱ መሠረት ንግሥቲቱ ባለችበት ባለሟሎቿ መቀመጥ አይችሉም ነበር። ማዕዘኑን ዞር ሲሉ ግን ከአጠገቧ ሳይርቁ ከዓይኗ ይሰወሩ ነበር፤ ስለዚህ መቀመጥ ይችሉ ነበር። የፕሮቶኮልን ችግር በአንድ ማዕዘን የፈታ ቤት እስካሁን ሌላ አላየሁም።

ወደ ልስኑ ልመለስ። ሥራ ላይ የዋለው የሮማ ሲሚንቶ የሚባለው ነው። የፈጠራ መብቱ በ1796 የተመዘገበ ሲሆን፣ ሸክላነት ያለው የኖራ ድንጋይ ተቃጥሎና ተፈጭቶ ይሠራል። በደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራል። ለሳኙ ጥቂት በጥቂት እያቦካ፣ ሳይዘገይ እየለጠፈ፣ ቀጥ አድርጎ እያስተካከለ መሥራት አለበት፤ ከዘገየ አለቀለት ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት ያን ሁሉ ግድግዳ፣ ያን ሁሉ የመስኮት ክፈፍ ጥርት አድርጎ ማውጣት ከድንጋይ ጠራቢ ሙያ አያንስም። ኪዩቢት ጡብ ስለተጠቀመ ቤቱ ቶሎ ቆመ፤ ባሕሩ ዳር ያለውን ዝናብና ጨዋማ ነፋስ የሚመክተው ደግሞ ልስኑ ነው። የባዝ ከተማን ድንጋይ እንዲመስል መቀባቱ የዘመኑ ፋሽን ነበር፤ ሥራውን ግን ውሸት አያደርገውም።

አልበርት በታኅሣሥ 1861 ሞተ። ቪክቶሪያ የእርሱ ክፍሎች እንደነበሩ እንዲጠበቁ አዘዘች፤ ቤቱም የሐዘን ቤት ሆነ። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በሐምሌ 1868 ንግሥቲቱ ፊት የቀረበው በዚሁ ቤት ነው። ሰባት ዓመቱ ነበር። በሚያዝያ አባቱን መቅደላ ላይ አጥቷል፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም የእንግሊዝ ጦር ሲመለስ መንገድ ላይ አርፈዋል። እርሱን እንዲያሳድግ ከተሾመው ከካፒቴን ስፒዲ ጋር በዚያችው ደሴት ተቀመጠ፤ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ያነሳችው ታዋቂ ፎቶግራፉም የዚያ ዓመት ነው። በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ውስጥ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ፤ አፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ በ2023 አልተቀበለም። እዚያ ቤት የሚገባ ኢትዮጵያዊ ይህን ሳያስብ ማለፍ የለበትም፤ እኔም አልቻልኩም።

ከሁሉ ክፍል ለሙያዬ የሚቀርበው በሕንድ ስልት በ1890 መሠራት የጀመረው የደርባር አዳራሽ ነው። ንድፉን ያወጣው ከላሆር የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የመጣው ባይ ራም ሲንግ ሲሆን፣ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ሎክዉድ ኪፕሊንግ አማክሮታል። ግድግዳውና ኮርኒሱ በነጭ ጌጥ ተሞልቷል፤ ከምድጃው በላይ ጣዎስ ጅራቷን ዘርግታለች። ራም ሲንግ ናሙናውን እየቀረጸ ይሰጣል፤ የለንደን የጄሶ ሠራተኞች ከናሙናው ፎርማ አውጥተው ቁራጭ በቁራጭ ያባዙታል፤ ከዚያ እየተገጣጠመ ይሰቀላል። አባቴ የጄሶ አበባ የሚያወጣበትን መንገድ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አስጎብኚ አያሻውም። ደስ የሚለኝ፣ የራም ሲንግ ሥዕል እዚያው ቤት ውስጥ ከነስሙ መኖሩ ነው።

ቪክቶሪያ በጥር 1901 በዚያው ቤት ከሞተች በኋላ ልጇ ንጉሥ ኤድዋርድ ርስቱን ለሕዝብ ሰጠ። ዛሬ የሚያስተዳድረው ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ የተባለው የቅርስ ድርጅት ነው። ሕንፃው በእንግሊዝ የቅርስ መዝገብ የመጨረሻው ከፍተኛ ደረጃ፣ አንደኛ ደረጃ ተሰጥቶታል። በዚህ መሠረት ከውጭም ከውስጥም ጠባዩን የሚለውጥ ሥራ ያለ ፈቃድ መሥራት ወንጀል ነው። ለእኛ ለለሳኞች ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ የተሰነጠቀውን ሁሉ አራግፎ በዘመናዊ ሲሚንቶ መድፈን የለም። የቀድሞው ልስን ከምን እንደተሠራ ይመረመራል፤ ጤነኛው ይተዋል፤ የላላው ብቻ ተነስቶ በሚስማማው ይተካል።

መሄድ ለሚፈልግ፣ ከሳውዝሃምፕተን ወደ ኢስት ካውስ ጀልባ አለ። ሲደርሱ በቀጥታ ወደ ውስጥ አይግቡ፤ ፀሐይ ግድግዳውን ከጎን ስትመታው በአጠገቡ ይሂዱና የድንጋይ መጋጠሚያ የመሰሉትን መስመሮች ይዩ። ጥላው የመስመሩን ጥልቀትና የለሳኙን እጅ ለይቶ ያሳያል።